የማይነቃነቀው ደንበኛ

ሰፈሩ «አትነቃነቅ» ይለዋል። የወጣለትን ስም የሚጠሩት ሚስቱና የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ብቻ ናቸው። ፀጉር አስተካካይ ነው። ምላጭ መያዝ ከጀመረ ወዲህ ወንበሩ ላይ ለተቀመጠ ሁሉ የሚናገራት ቃል ይህች ናት። ለሹሙም፣ ለጫኝና አውራጁም፣ ሊሞሸር ላለውም እኩል ይላታል። ለትልቅ ሰው «አይነቃነቁ» ብሎ ያከብራል እንጂ ነገሩ ያው ነው። ቀልድ የሚወዱ ደንበኞች ገና በሩ ላይ እንደ ግንድ ይገተሩለታል። እሱ አይስቅም። ምላጭና ሳቅ አብረው አይሄዱም ይላል።

ራስ ምታቱ ሲጀምረው ቀኑን ሙሉ ቆሞ የመዋል ጣጣ መሰለው። ሚስቱ መነጽር ያስፈልግሃል አለችው። እሱ ጊዜ የለኝም አለ። አንድ ቀን መደርደሪያውን ስቶ የታጠበ ፎጣ ቁልል አየር ላይ ሲያስቀምጥ፣ አብሮት የሚሠራው የሚስቱ ወንድም አየው። ፎጣውን ከወለሉ ለቀመና ሱቁን ዘግቶ እጁን ይዞ ሐኪም ቤት ወሰደው። ከራስ ቅሉ ኋላ በቀኝ በኩል እጢ ተገኘ።

ሐኪሙ ነገሩን አልሸፋፈነም። እጢው ያረፈው እይታ የሚሠራበት የአንጎል ክፍል ላይ ነው፤ ሲወጣ አካባቢውን ይዞ ይወጣል፤ በሕይወት ይኖራሉ፣ ግን የግራው ግማሽ እይታዎ ይሄዳል አለው።

«የግራ ዓይኔ ማለት ነው?»

አይደለም አለ ሐኪሙ፤ ከሁለቱም ዓይኖች የግራው ጎን ነው። አትነቃነቅ እሺ አለ እንጂ አልገባውም። የገባው ከቀዶ ጥገናው ሲነቃ ነው። ሚስቴ የት ሄደች ብሎ ጠየቀ። ሚስቱ ከአልጋው በስተግራ ተቀምጣ እጁን ይዛው ነበር። የነርስ እጅ መስሎት ነው።

ሰዎች ጨለማ ነው ወይ እያሉ ይጠይቁታል። ጨለማ አይደለም። ጨለማ ይታያል። ከማጅራትህ ኋላ ያለው ምን ይመስላል ቢባል ሰው ምን ብሎ ይመልሳል? ግራው እንደዚያ ሆነበት። ጥቁርም አይደለም፣ ነጭም አይደለም፣ የለም። ዓይኑን ወደዚያ ሲያዞር ነገሩ ይመጣለታል፤ የጎደለው ግማሽም አብሮት ይዞርና ሌላ ነገር ይወስድበታል።

የግራ ትከሻው ከበር መቃን ሁሉ ጋር ተዋወቀ። አንዱ ብልዝ ሳይጠፋ ሌላው ይተካል። ጋዜጣ ሲያነብ የመስመሩን መጀመሪያ ስለሚስተው ዜናው ሁሉ ከመሃል ይጀምርለታል፤ ማን እንደሞተ ሳያውቅ የት እንደሚቀበር ያውቃል። ይህን ለሚስቱ ሲነግራት ሳቀች። ቆይታ ወጥ ቤት ገባችና ሳትወጣ ቆየች።

ከሁሉ የባሰው ድካሙ ነው። ማየት ሥራ ነው ብሎ አስቦ አያውቅም። አሁን ብርጭቆ ለማግኘት፣ በር ለማግኘት፣ ለሰላምታ የተዘረጋ እጅ ለማግኘት ዓይኑን ሲወረውር ይውላል። ማታ ድንጋይ ሲፈልጥ የዋለ ይመስላል። ሚስቱም ልብስ ስፌት ፋብሪካ የኮት እጅጌ ስትገጥም ውላ ትገባለች። ጎን ለጎን ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ማን የበለጠ እንደደከመው አይጠያየቁም። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ እሷ በቀኙ ነው የምትቀመጠው። ማንም እንዲህ አድርጊ አላላትም።

ፀጉር ቤቱ ጠባብ ነው። ሁለት ወንበር፣ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ መስታወት፣ ለተራ ጠባቂ አንድ አግዳሚ። ለመስኮቱ የቀረበው ወንበር የአትነቃነቅ ነው። በሁለተኛው ላይ አማቹ፣ የሚስቱ ወንድም፣ ይሠራል። ሙያውን ያስተማረው አትነቃነቅ ስለሆነ እስከ ዛሬ «ጋሼ» ይለዋል። አማቹ በማሽን ፈጣን ነው። ምላጭ ይችላል፣ ግን አይወድም፤ የሰው ጉሮሮ ላይ ስለት ማሳረፍ አይሆንልኝም ይላል። ስለዚህ ጺሙን መላጨት የፈለገ ሁሉ ለመስኮቱ ወንበር ነበር ተራ የሚይዘው።

አትነቃነቅ ሐኪሙ ሥራ መጀመር ይችላሉ ባለው ማግስት ገባ። የመጀመሪያው ደንበኛ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጎረቤታቸው ነበር። በማሽን ከረከመው፣ አንገቱን ጠረገለት፣ ጨርቁን አራገፈለት። ሰውዬው ተነስቶ መስታወት ሲያይ በግራ ጆሮው ዙሪያ ያለው ፀጉር እንደመጣ ነው።

«ግማሹን ለነገ አሳደርክልኝ እንዴ?» አለ።

አግዳሚው ላይ የነበሩት ሳቁ። አማቹ ማሽኑን ይዞ መጥቶ ጨረሰለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአትነቃነቅ እጅ የወጣ ሰው ሁሉ በአማቹ ወንበር በኩል አልፎ መውጣት ያዘ። ምላጩን ማንም አንሳው አላለውም። እሱም አላነሳውም።

አንድ ቀን ጎንበስ ብሎ የወለሉን ፀጉር ሲጠርግ ነፋስ የመግቢያውን በር ከግራው በኩል ወረወረው። እጁ ተነስቶ ጭንቅላቱ ጋ ሳይደርስ ያዘው። አማቹ በመስታወቱ ውስጥ አይቶት ኖሮ ዞረ።

«አየኸው እንዴ ጋሼ?»

«ምኑን?»

«በሩን ነዋ።»

አትነቃነቅ እጁን አየ። እጁ በሩን ይዟል። በሩን አላየውም።

ለክትትል ሲሄድ ይህን ለዓይን መርማሪዋ ነገራት። ወጣት ናት፤ ቶሎ ቶሎ ትናገራለች። አገጩን ብረት ላይ አስደግፋ መሃሉን ብቻ እንዲያይ አዘዘችውና በማያየው በኩል ስክሪን ላይ ነጥብ ማንቀሳቀስ ጀመረች።

«ወዴት ሄደች?»

«ምኗ?»

«ነጥቧ።»

«ነጥብ የለም።»

«አውቃለሁ። ይገምቱ።»

ጠንቋይ አደረግሽኝ እንዴ አላት። እሷ ግን አልተወችውም። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይ፤ አፉ ላይ የመጣለትን ተናገረ። ሲጨርሱ አብዛኛውን አግኝተውታል አለችው። ቀጥላ ነጥቧን አንድ ቦታ አቁማ የት ናት አለችው። እሱን ግን ማንም ሰው ዓይኑን ጨፍኖ የሚገምተውን ያህል እንኳ አላገኘም።

ምክንያቱን በቀላል ቃል አስረዳችው። ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደው መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። ዋናው ከእጢው ጋር ተቆርጧል። አንድ ትንሽ የኋላ መንገድ ተርፏል። በእሱ የሚያልፈው የሚንቀሳቀስ ነገር ነው፤ እሱም ለእጅና ለሰውነት ይነግራል እንጂ አየሁ ለማለት አይበቃም። የቆመ ነገር በዚያ መንገድ አያልፍም ማለት ይቻላል። ከዚያ ድምጿን ዝግ አድርጋ አይተማመኑበት አለችው። መጀመሪያ ዓይንዎን ይወርውሩ፣ ቀጥሎ እጅዎን።

እሺ ብሎ ወጣ። መንገድ ላይ ያሰበው ግን ሌላ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሰውን አትነቃነቅ ሲል ኖሮ፣ አሁን የተረፈለት የሚነቃነቀው ብቻ ነው።

አማቹ ነገር ማዞር አያውቅበትም። አንድ ማለዳ ፎጣ እያጠፈ፣ ጋሼ አትቀየመኝ ብሎ ጀመረ። ምላጭ ፈላጊው ሁሉ ማዶ ወዳለው ፀጉር ቤት እየተሻገረ ነው፤ አማቹ ጥሩ እጅ ያለው አንድ ሙያተኛ አግኝቷል፤ ሰውዬው ወንበር ካልሰጡት ሌላ ቦታ ይይዛል። ምላጩን ትይዛለህ ወይስ አትይዝም? ትይዛለህ ካልከኝ ሰውዬውን እመልሰዋለሁ አለ። አትነቃነቅ ትንሽ ታገሠኝ አለው።

ማታ ሚስቱ ከወንድሟ ሰምታ ቆየችው። ተወው አለችው። በማሽኑ ሥራ፣ ወይ ቤት ዋል፣ እኔ ያገባሁት አንተን ነው፣ ወንበሩን አይደለም። እሱ ብርጭቆውን አጥቦ ደፋውና ተኛ።

አባባ እምቢ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ጭንቅላታቸው ከዓመታት ወዲህ ይንቀጠቀጣል፤ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ስለሆነ፣ የተባሉትን ሁሉ እምቢ የሚሉ ይመስላል። ስሙን ያወጡላቸው የቀድሞ ትኬት ቆራጮቻቸው ናቸው። በዚህ ጭንቅላት ላይ ምላጭ የሚያሳርፍ ከአትነቃነቅ በቀር አልነበረም። እሱ አገጫቸውን በግራ እጁ ይይዝና ከመንቀጥቀጡ ጋር አብሮ እየሄደ ይላጫቸው ነበር። ሲታመም ማዶ ሞከሩ፤ ማዶኛው ወደ ታችኛው ሰፈር ላካቸው፣ የታችኛው ወደ ማዶ መለሳቸው። አሁን ሲገቡ ጺማቸው እዚህም እዚያም በቅሎ ያልታረመ ማሳ መስሏል።

ቀጥ ብለው መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ወጡ።

«አባባ፣ እኔ እኮ ግማሹ አይታየኝም» አላቸው።

«እኔስ መቼ አርፌ ተቀምጬ አውቃለሁ? ሁለት ጎዶሎ አንድ ሙሉ ይሆናል፣ ጀምር» አሉ። ጭንቅላታቸው እምቢ እያለ ነው።

አማቹ ማሽኑን አንድ ሰው አናት ላይ እንዳበራ ቆመ። አትነቃነቅ ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክሮ ፊታቸውን ሸፈነ፣ ሳሙናውን አረፋ አድርጎ ቀባ፣ አዲስ ምላጭ አስገባ። ከኋላቸው ቆሞ ቀኝ ጉንጫቸውን እያየ ላጨ። ወደ ግራው ሲደርስ እንደተማረው ዓይኑን ሊወረውር ነበር። ግን አንድ ነገር ታወቀው። ምስል አይደለም። በተዘጋ በር ስር የሚገባ ነፋስ ዓይነት ነገር ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። እጁ ከነፋሱ ጋር ተነሳ፣ ከነፋሱ ጋር አረፈ። ዓይኑን ከመሃል ሳያነሳ የግራውን ጉንጭ ላጭቶ ጨረሰ። አንድ ጠብታ ደም የለም።

አባባ እምቢ ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ዳሰሱ። «በል ማዶኛውን ሄደህ አስተምረው» አሉ።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ይመጡ ጀመር። አትነቃነቅ ለሚስቱ ያልነገራት አንድ ነገር ነበር። እሳቸውን በሚላጭባት ሰዓት አይደክመውም። ዓይኑ አያድንም፣ አንገቱ አይዞርም፤ እጁ ያውቃል፣ እሱ ያርፋል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሌላ እረፍት አላገኘም፤ በእንቅልፉ እንኳ በር ሲፈልግ ነው የሚያድረው። ያቺን ሰዓት ሳምንቱን ሙሉ ይጠብቃታል።

ሌሎቹ ደንበኞች አርፈው ስለሚቀመጡ ምላጭ አያነሳባቸውም። ግን ቀስ በቀስ በእነሱም ላይ አነሳለሁ ይል ጀመር። አማቹ ሙያተኛውን ትንሽ ቆይ አለው። ሚስቱ እሳቸው አንድ ሰው ናቸው አለችው። አንድ ሰው መጀመሪያ ነው አላት።

አንድ ቀን አባባ እምቢ ረፋድ ላይ ገቡ። አትነቃነቅ የምላጩ መያዣ የሚቀቀልበትን ዕቃ እያጸዳ ነበርና ድምፃቸውን ሰምቶ ሰላም አላቸው። ሲቀመጡ ወንበሩ ሲጢጥ አለ። እንደ ወትሮው ወሬ አላበዙም። በፎጣው ሸፈናቸው፣ ሳሙናውን ቀባ። ሲቀባ ነገሩ ቀለል አለው፤ እጄ እየተመለሰ ነው ብሎ አሰበ። ቀኙን ላጨ። ቀጥ ያለ፣ ለስላሳ። አግዳሚው ላይ ሁለት ሰዎች ስለ ኳስ ይከራከራሉ፤ አማቹ አንድ ተማሪ ይከረክማል። አትነቃነቅ ደክሞታል። ጠዋት አንድ ደንበኛ የጆሮውን ዙሪያ ሁለት ጊዜ አስደግሞታል፣ ሲመጣም አንድ ጋሪ ገጭቶታል። አሁን ላርፍ ነው ብሎ እጁን ወደ ግራው ጉንጭ አሻገረ።

ነፋሱ አልመጣም።

ቆም ማለት ነበረበት። ዓይኑን መወርወር ነበረበት። ዓይኑን ለመወርወር ግን አንገቱን ማዞር አለበት፣ አንገቱን ለማዞር ዛሬም ያንን ድካም እንደገና መጀመር አለበት፤ እጁ ደግሞ መንገዱን አውቆ ሄዷል። ምላጩ ከጆሮአቸው ስር ያለችውን ኪንታሮት ሲይዛት ተሰማው። ስንት ዓመት ዞሯት ያለፋት ኪንታሮት ናት።

አማቹ ጋሼ ሲል ነው አንገቱን ያዞረው። አረፋው ቀልቷል። ደሙ በአንገታቸው ወርዶ ነጩን ጨርቅ ይዟል። አባባ እምቢ ግን ንቅንቅ አላሉም። ሁለት እጃቸውን የወንበሩ ክንድ ላይ እንዳደረጉ ፊት ለፊት መስታወቱን ያያሉ። ጭንቅላታቸው ቀጥ ብሏል። እንደዚያ ሆነው ያያቸው የመጀመሪያው ነው።

«አልተነቃነቅሁም» አሉ።

አትነቃነቅ ፎጣውን ቁስሉ ላይ ጫነ። 

«ሐኪሙ ኪኒን ቀየረልኝ። ይኸው ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አርፏል። ሳልነግርህ ገብቼ ላስገርምህ ብዬ ነው» አሉ። «ስንት ዓመት ሙሉ አይነቃነቁ ስትለኝ አንድ ቀን እንኳ እሺ ብዬህ አላውቅም።»

አማቹ አልኮልና ጥጥ አቀበለ። ደሙ ለማቆም ጊዜ ወሰደ። ቁስሉ በክር የሚሰፋ ዓይነት አልነበረም፤ ኪንታሮቷ ግን ሄዳለች። ስለ ኳስ ይከራከሩ ከነበሩት አንዱ፣ ሰው ሐኪም ቤት ከፍሎ ያስወጣታል ብሎ ሊቀልድ ሞከረ። ሳቅ አላገኘም።

አባባ እምቢ በመስታወቱ ውስጥ አትነቃነቅን ሲያዩት ቆዩ። ሾፌር ነበሩ፤ መስታወት ማንበብ ያውቁበታል።

«ስማ» አሉት ዝግ ብለው። «በሚቀጥለው ኪኒኑን ሳልውጥ እመጣለሁ።»

 የተናገሩት ሲገባው አትነቃነቅ ፎጣውን ከቁስሉ ላይ አንስቶ አየ፣ መልሶ ጫነ።

«ኪኒንዎን ይዋጡ አባባ።»

«አንድ ቀን ብዘለው ምን ይሆናል? ለመላጫዬ ቀን ነው።»

«ይዋጡ አልኩዎት።»

«ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡ አሉ» አሉ።

አትነቃነቅ ምላጩን ከመያዣው አውጥቶ ጣለው። መያዣውን በአልኮል ጠረገ፣ አዲስ ምላጭ አስገባበት፣ እጀታውን ወደ አማቹ አዞረ።

«ጨርስላቸው» አለው። ቀጥሎ፣ ሌላ ቦታ ሳይዝ፣ ያን ሙያተኛ ጥራው አለ።

 አማቹ ባይወድም ምላጩን ተቀበለ። አትነቃነቅ ሄዶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ስለ ኳስ ይከራከሩ የነበሩት ቦታ ሰፋ አደረጉለት።

ማታ ለሚስቱ ሲነግራት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰው። አባባ እምቢን ቆረጥኩ፣ ወንበሩን ለቀቅሁ አላት። እሷ «ተወው ብዬህ አልነበረም?» አላለችም። እጇን ግራ ትከሻው ላይ፣ ብልዙ ላይ ሳይሆን ከጎኑ፣ አሳረፈች። ሻዩ ቀዘቀዘ።

አዲሱ ሙያተኛ በሳምንቱ ገባ። እጁ ጥሩ ነው፤ አማቹ አልዋሸም። ሦስተኛ ወንበር ከኋላ በኩል፣ መስታወቱ በማይደርስበት ጥግ ተደረገ። አትነቃነቅ እዚያ የሕፃናት ፀጉር ይከረክማል። ማበጠሪያ የተገጠመለት ማሽን ነው፤ ቢስትም አይቆርጥም። ልጆቹ አርፈው አይቀመጡም። እሱም አትነቃነቁ አይላቸውም። አሁንም ግን ይደክመዋል፤ አሁንም ከአንድ ራስ ላይ የግራውን ጆሮ ግንድ ረስቶ ያልፋል፤ እናቶቹ ይጠቁሙታል። ስሙም አልተቀየረም።

አባባ እምቢ ኪኒናቸውን ውጠው ይመጣሉ። አትነቃነቅ ይህን የሚያውቀው ሲገቡ ጠብቆ ስለሚጠይቃቸው ነው። የመስኮቱ ወንበር ላይ ይወጣሉ። አዲሱ ሙያተኛ አይነቃነቁ ይላቸዋል፣ እንዲሁ ለልማዱ። አንድ ረፋድ፣ ልጅ ባልነበረበት ሰዓት፣ አትነቃነቅ አግዳሚው ጫፍ ላይ አርፎ ተቀምጦ ነበር። መስኮቱ በግራው ነው። ምላጩ አረፋውን ሲጠርግ ይሰማዋል። በዚያ በኩል ሌላ ምንም የለም፤ ነፋስም የለም። ቁስላቸው እንዴት ሆኖ ይሆን አለ በልቡ።

አንገቱን አዙሮ አያቸው።